ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለ ማደንዘዣ ዐውቆ መስማማት

ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ለቀዶ ሕክምና ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ ሕሙም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። አባት፣ ባል ወይም ታላቅ ወንድም አብሮት ይመጣል፤ የስምምነቱም ወረቀት ብዙ ጊዜ ለእነርሱ ቀርቦ ይፈረማል። ሕሙሙ ሲጠየቅ «እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለሐኪሙ የሚሰጥ አክብሮት መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ያልተነገረውን ነገር ማንም ሊፈቅድ አይችልም። ስለ ቀዶው ጥቂት የተነገረው ሰው እንኳ በምን ዐይነት መድኃኒት እንደሚደነዝዝ ሳያውቅ ወደ ቀዶ ክፍል ሲገባ ይታያል። በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 20 ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006ም ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት አዝዟል። እንግዲህ የዘመድ ፊርማ የሚያስፈልገው ሕሙሙ ሕፃን ሲሆን ወይም ስለ ራሱ መናገር ሲሳነው ነው። አእምሮዋ የተስተካከለ እናት አጠገቡ ተኝታ ሳለች ባልዋ ብቻ ተጠይቆ ቢፈርም ትክክለኛ አሠራር አይደለም።

ወደ ማደንዘዣው እንመለስ። ሐኪሞች «ስፓይናል» የሚሉት የጀርባ ማደንዘዣ በቀዶ ለሚወልዱ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ነው። ቡፒቫኬይን የተባለው መድኃኒት በቀጭን መርፌ በታችኛው የጀርባ ክፍል በኩል፣ በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ይሰጣል። ከወገብ በታች ያለው አካል ለጥቂት ሰዓት ይደነዝዛል፤ እግር ይከብዳል፤ እናቲቱ ግን ነቅታ የልጅዋን ልቅሶ ትሰማለች። የመነካትና የመጎተት ስሜት ይኖራል፤ ሕመም ከተሰማት ግን ወዲያው መናገር አለባት። የደም ግፊት ሊወርድና ማቅለሽለሽ ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያው አጠገብዋ ሆኖ ይከታተላል።

በአገራችን ብዙ ሴቶች ይህን መርፌ የሚፈሩት «ዕድሜ ልክ የወገብ ሕመም ያተርፋል» ስለሚባል ነው። የተደረጉት ጥናቶች ይህን አላረጋገጡም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የወገብ ሕመም መርፌውን ባልወሰዱትም ዘንድ የተለመደ ነው። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል፤ ቢጸና ግን ሕክምና አለው። እናቲቱ ሁለቱን ለይታ ካወቀች በኋላ አልፈልግም ብትል ውሳኔው የእርስዋ ነው። ሆኖም ለነፍሰ ጡር ሙሉ ማደንዘዣ የበለጠ አደጋ እንዳለው፣ በተለይም የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል ሊነገራት ይገባል።

ኬታሚን ደግሞ በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይሰጣል። በተለመደው መጠን አተነፋፈስን እንደ ሌሎቹ ስለማያዳክም መሣሪያ ባነሰበት ቦታ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሕሙሙ ሲነቃ እንግዳ ሕልምና ራእይ ሊያይ፣ ሊቃዥና ሊጮኽ ይችላል። አስታማሚዎች ይህን ሲያዩ መንፈስ ያዘው ብለው ይደነግጣሉ፤ አስቀድሞ የተነገራቸው ግን ጸጥ ብለው አጠገቡ ይቀመጣሉ። የደም ግፊት ያለበትና የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ይህን ሳይደብቅ መናገር አለበት።

አንዳንድ ምእመናን ሕመምን መታገሥ የሚገባ መሥዋዕት ስለ ሆነ ማደንዘዣ መቀበል የእምነት ድካም ይመስላቸዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች በሰጡት መልስ ሕመምን በመድኃኒት ማስወገድ የተፈቀደ መሆኑን፣ ክርስቲያንም ሕመምን ለራሱ የመፈለግ ግዴታ እንደሌለበት አስተምረዋል።

ሕሙሙ ምን ይጠይቅ? የትኛው ማደንዘዣ እንደታሰበለት፣ ለምን ለእርሱ እንደተመረጠ፣ በሆስፒታሉ ሌላ አማራጭ መኖሩን፣ ሲነቃ ምን እንደሚሰማውና ለሕመሙ ምን እንደሚሰጠው ይጠይቅ። አማራጩ አንዳንድ ጊዜ በመጋዘን ባለው መድኃኒት የተወሰነ ነው፤ ይህም ቢሆን ሊነገረው ይገባል። ባለሙያው በእንግሊዝኛ ቃል ከተናገረ «በአማርኛ ይንገሩኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። የሚጠየቀውም በዋዜማው፣ በአልጋው ላይ ሳለ እንጂ በቀዶው ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ በኋላ ባይሆን ይመረጣል። ሕሙሙም በበኩሉ እርሱ ወይም ዘመዱ ቀድሞ በማደንዘዣ ተጎድቶ ከሆነ፣ አስም ካለበት፣ አረቄና ጫት ከለመደ፣ የባህል መድኃኒት ከወሰደ፣ የሚነቃነቅ ጥርስም ካለው ይናገር።

ስለ ጾሙ አንድ ነገር እንጨምር። ለታቀደ ቀዶ ቀላል ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት እንዲቆም የተለመደ ሥርዐት ነው፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በሶ ቢጠጣም ምግብ ነው። ወተት የገባበት ቡናም እንደ ምግብ ይቆጠራል። በቀዶው ማለዳ ቤተ ሰብ በኮዳ ያመጣውን ጸበል በስውር የሚጠጣ ሕሙም አይጠፋም። ጸበሉን ማንም አይነቅፍበትም፤ የጠጣበትን ሰዓትና መጠን ግን ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር፤ እርሱም ቀዶውን ለጥቂት ጊዜ ሊያዘገየው ይችላል።