ቡችላን ያለ ንክሻ ማሳደግ



በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ውሻ ብዙ ሥራ አለው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ቀን ዝንጀሮን ከበቆሎ ማሳ ያባርራል፤ በለቀማ ወራትም በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ይጠብቃል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ቡችላው ኃይለኛ እንዲሆንለት እጁን እያስነከሰ ያጫውተዋል፤ ሲነክስም «ጀግና!» ይለዋል። ይህ ልማድ ለምን እንደሚጎዳ፣ ቡችላንም እንዴት ማስተማር እንደሚገባን እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ ቡችላ የሚነክሰው ከክፋት አይደለም። ከተወለደ 3 ሳምንት ገደማ ጀምሮ 28 የወተት ጥርሶች ያበቅላል። ከ4ኛው ወር አካባቢ እስከ 7ኛው ወር ድረስ ደግሞ እነዚህ ወልቀው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ጫማም የቡና ጆንያም ያኝካል። እናቱና ወንድሞቹ አጥብቆ ሲነክሳቸው ይጮኹና ጨዋታውን ያቆሙበታል፤ ልክን የሚማረው ከእነርሱ ነው። ስለዚህ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባንለየው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ እኛም እንደ እናቱ እናድርግ። ሲነክሰን «ተው!» ብለን ጨዋታውን እናቁም፤ ፊታችንን አዙረን ጥቂት እንቆይ፤ ሲረጋ እንመለስ። በእጃችን ፈንታ ወፍራም ጨርቅ ቋጥረን እንስጠው፤ ያንን ሲያኝክ እናመስግነው። አሮጌ ጫማ ግን አንስጠው፤ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይምና። ቡና ውሻን ስለሚመርዝ ፍሬውንም አተላውንም ከአጠገቡ እናርቅ። በዱላም አንምታው፤ የተመታ ቡችላ የሰውን እጅ መፍራት ይማራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ከሁሉም በላይ ቤተ ሰቡ ይስማማ፤ አንዱ ሲከለክል ሌላው ቢያስነክሰው ትምህርቱ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ቡችላም ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ ለተነከሰ ልጅ ክትባት ከሰጠ ወዲህ ይህ ታውቋል። መነከስ እንደ ጨዋታ በሚቆጠርበት ቤት ግን ሕፃን ልጅ ትንሽ ጭረት ቢያገኘው ለእናቱ አይናገርም። ታላላቆቹ እኛ እንጠይቀው። የነከሰው የቤታችን ቡችላ ቢሆንም እንኳ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ቡችላውንም 3 ወር ሲሞላው እናስከትብ።

አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ይጮኻል እንጂ ይነክሳል አላሉም። ለጠባቂነት የሚበቃን ጩኸቱ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ በየቤታችን ካሉት ውሾች ስንቱ ተከትቧል? ያልተከተበውን ማን፣ መቼ ይወስደዋል?