«ሒሳብ አልተጻፈልኝም»



ብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ። «ሐጂ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሁለተኛ ልጃቸው በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዳ ከ600 ያገኘችው 271 ነበር። ማለፊያው 300 ነውና የጎደላት 29 ነጥብ ነው። ውጤቷን ዘርዝረን ስናየው በእንግሊዝኛና በባዮሎጂ ከግማሽ በላይ አላት፤ ሒሳብ ላይ ግን 31 ተጽፏል። ይህች 31 ስድሳ ብትሆን ኖሮ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር።

ውጤቱ በተሰማ ሰሞን ሱቃቸው ጎራ ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ሐጂ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ሒሳብ አልተጻፈላትም። አላህ ያልጻፈውን ከየት ታመጣዋለች? አክስቷ ዱባይ ናት፤ ቪዛ ልላክላት ብላለች» አሉኝ። ልጅቷም ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች «አባዬ እውነቱን ነው፣ አልተጻፈልኝም» አለች።

ይህን አባባል ከስንት ወላጅና ከስንት ተማሪ አፍ ሰምቼዋለሁ! በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ለመሆኑ የሚከራከር ሙስሊም የለም። ይሁንና ቀደር ባለፈው ነገር የምንጽናናበት እንጂ ገና በቅጡ ላልሞከርነው ነገር ማመካኛ የምናደርገው አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር እንደመከሩት ልጆቻችን ገና በመድረሳ ሳሉ ይማራሉ። ሐጂ ራሳቸው ጨርቅ ሳይለኩ ቆርጠው ልብሱ ሲጠብ «ልኩ አልተጻፈለትም» ብለው ለደንበኛ ሲመልሱ አይቼ አላውቅም። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁ። እኔም በዚያው ድፍረት ተበረታትቼ ቪዛው ሁለት ወር ይቆይልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

የወደቀችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብቶ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ እስከ መሰረዝ የደረሰበትን ጊዜ ለምናስታውስ ሰዎች ቁጥሩ ብዙም አያስደንቅም። አጠገብ በተቀመጠ ጎበዝና በተሰረቀ መልስ ተሸፍኖ የኖረው ቁስል ነው የተገለጠው። እንግዲህ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ልጆች ሁሉ «አልተጻፈላቸውም» ልንል ነውን?

ልጅቷ ለመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የያዘችው ክምር ወረቀት ነበር። አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ቤት የሸጠላት የአሥር ዓመት ጥያቄና መልስ ነው። ብዙውን በቃሏ ታውቀዋለች። «የ2009ኙ 14ኛ ጥያቄ መልሱ ሲ ነው» ትላለች። ለምን ሲ እንደሆነ ግን አታውቅም። እኔም በ2001 ዓ.ም. ስፈተን ያደረግኩት ይህንኑ ሽምደዳ ስለነበረ ልወቅሳት ሞራሉ አልነበረኝም። ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርገን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋት። ከ1/ኤክስ ላይ 1/3ን ቀንሺ፤ ያገኘሽውን ኤክስ ሲቀነስ 3 ለሚለው አካፍይ፤ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው?

የሊሚትን ትርጉም አሳምራ ነገረችኝ። ከዚያ ግን ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ቀነሰችና 0 ለኤክስ ሲቀነስ 3 ብላ ጻፈች፤ «ስለዚህ መልሱ ዜሮ» አለች። ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጅቷ የወደቀችው በ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። የሰበራት ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መቀነስ ነው፤ ይህም ገና አንደኛ ደረጃ ሳለች የተማረችው ነው። ትክክለኛው መንገድ የጋራ ታህት መፈለግ ነው። እሱም 3 ጊዜ ኤክስ ሲሆን ላዕሉ 3 ሲቀነስ ኤክስ ይሆናል። ይህ ደግሞ ኤክስ ሲቀነስ 3 የሚለው ራሱ በኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ሲጣፉ −1/(3 ጊዜ ኤክስ) ይቀራል፤ ኤክስ 3 ሲሆን መልሱ −1/9 ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ትምህርት የምትባለው የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት።

«ታዲያ ከአንደኛ ደረጃ ልጀምር?» ብላ አፈረች። 18 ዓመት ሞልቷት የታናሽ ወንድሟን መጽሐፍ መግለጥ ከበዳት። እኔም በሌላ በር ልግባ ብዬ ፈራኢድ አነሳሁባት፤ መድረሳ ሳለች ድርሻዎቹን በቃሏ ይዛለችና። አንዲት ሴት ሞተች እንበል፤ ወራሾቿ ባሏና ሁለት የአባት የእናት እህቶቿ ብቻ ናቸው። በሱረቱ ኒሳእ እንደተደነገገው ለባል ግማሽ፣ ለሁለቱ እህቶች ደግሞ ከሦስት ሁለት እጅ ይደርሳቸዋል። ድምሩ ስንት ነው? በእሷ ዘዴ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ብንደምር 3/5 ይመጣል። ማለትም ከርስቱ ከአምስት ሁለት እጅ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። እሷም ወዲያው «ይሄማ አይሆንም፣ እህቶቹ ብቻቸውን ከዚህ በላይ አላቸው» አለች። የጋራ ታህቱን 6 አድርጋ ስትሠራው ለባል 3፣ ለእህቶች 4 ሆነ፤ በአንድ ላይ 7/6። ደግማ ሠራችው፤ ያው ነው። ከአንድ ይበልጣል! «ተሳስቻለሁ» ብላ ልትሰርዘው ስትል እጇን ያዝኩት።

አልተሳሳተችም። ይህ ጉዳይ በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን በእርግጥም የተነሳና ሰሓቦች የመከሩበት ነው። መፍትሔው «ዐውል» ይባላል፤ 6 የነበረው ታህት ወደ 7 ከፍ ይልና ባል 3/7፣ እህቶች 4/7 ይወስዳሉ። የሁሉም ድርሻ በየልኩ ይቀንሳል እንጂ አንዱ ተጎድቶ ሌላው አይጠቀምም። (ኢብኑ ዐባስ በኋላ በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ነበራቸው፤ ዝርዝሩን ለዑለማእ እንተወው።) ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍልፋይ ስትደምር ተሳስታ አላየኋትም። ለመቀነስም ያው መንገድ ነውና ወደ ሊሚቱ ጥያቄ ተመልሳ ራሷ −1/9ን አወጣችው።

ፈራኢድን ያነሳሁት ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም። አልጀብራ የሚባለው ትምህርት ራሱ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በገዛው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ባግዳድ ውስጥ የጻፈው የአል-ጀብርና የአል-ሙቃበላ መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉ ስለ ኑዛዜና ውርስ ስሌት ነው። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃልም ከእሱ ስም የመጣ ነው። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን፣ የወጌሻ ሥራ ማለት ነው። ወጌሻ ደግሞ በሽተኛው «እግሬ ሁሉ ያመኛል» ቢለውም በጣቱ እየዳበሰ ስብራቱ ያለባትን አንዲት ቦታ ሳያገኝ አይጠግንም።

የእሱ አንድ ምሳሌ ዛሬም ለተፈታኞቻችን ይጠቅማል። አንድ ካሬ አለ፤ በዚህ ካሬ ላይ ጎኑን 10 ጊዜ ብንጨምርበት 39 ይሆናል። ጎኑ ስንት ነው? ተማሪዎቻችን ፎርሙላ ፍለጋ ይሮጣሉ፤ ፎርሙላው ከጠፋባቸው አለቀ። አል-ኸዋሪዝሚ ግን ሥዕል ይሥላል። አሥሩን ለሁለት ከፍሎ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ሬክታንግሎችን በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ይለጥፋል። ጥግ ላይ ጎኗ 5 የሆነች አንዲት ክፍት ቦታ ትቀራለች፤ ስፋቷ 25 ነው። 39 ላይ 25 ሲጨመር 64 ይሆናል፤ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው ማለት ነው። ከ8 ላይ 5 ሲነሳ 3። ይህን በጨርቅ ቁራጭ ስንሠራው ሐጂ መጥተው በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ለክተው አረጋገጡልን። አንድ ነገር ግን ተፈታኞች ልብ ይበሉ። አል-ኸዋሪዝሚ የመሬት ስፋት እየለካ ነውና 3ን ብቻ ይቀበላል፤ ፈተናው ላይ ግን −13ም መልስ ነው። ብዙዎች ነጥብ የሚጥሉት ይህችን ሁለተኛ መልስ በመርሳት ነው።

ቀጥለን አንድ የስህተት ደብተር አዘጋጀን። ደንቡ ቀላል ነው። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መልሱን ሳታይ ትሠራለች፤ የተሳሳተችውን ብቻ በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ ትጽፋለች፤ በቀኙ ላይ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን «የት ላይ ተሰበርኩ?» ለሚለው መልስ ታሰፍራለች። መጀመሪያ የሰበሰብናቸውን 40 ስህተቶች ስንቆጥር 23ቱ የክፍልፋይ፣ የምልክትና የቅንፍ ሆኑ። 9ኙ የእንግሊዝኛ ነበሩ፤ «አት ሊስት» እና «አት ሞስት»ን እያምታታች ቢያንስ የሚለውን ቢበዛ አድርጋ ትረዳለች። አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምረው ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩ ልጆች ላዕልና ታህት ያሉትን ነገር በሌላ ስም ሲያገኙት እንደ አዲስ ትምህርት ያዩታል፤ በዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። በእርግጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ባለማወቅ የተሳሳተችው 8ቱን ብቻ ነው። ለእነዚህ 8 ብላ ነበር ሦስት የማጠናከሪያ ቤት ስትዞር የከረመችው።

ስለ ሰዓት ጥቂት ልበል። ለብዙ ዓመታት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሒሳብ ፈተና 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ሆኖ ኖሯል፤ ለአንዱ ከሦስት ደቂቃ በታች ማለት ነው፤ ያውም ያለ ካልኩሌተር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር እንዳየሽው መንገዱ የታየሽን ብቻ ሥሪ፣ የሚያንገራግረውን ምልክት አድርገሽ እለፊው፣ በሁለተኛው ዙር ተመለሽበት እላታለሁ። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እየተኩ መሞከርም ነውር የለበትም። ለዚህ ግን የእጅ ስሌት መፍጠን አለበት። እሱ ደግሞ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አእምሮ ገና ሳይበተን፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ በየቀኑ በሚሠራ የአንድ ሰዓት ልምምድ እንጂ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት አይመጣም።

በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሙስሊም ተማሪ እህቶቻችን በሒጃባቸው ሰበብ ለዚሁ ፈተና እንዳይመዘገቡ ሲከለከሉ ሁላችንም ጮኸናል፤ ጩኸታችንም ተገቢ ነበር። ሌላው በሩን ሲዘጋብን እንዲህ የምንቆጣ ሰዎች፣ ሴት ልጃችን በአንድ ትምህርት ስለወደቀች «አልተጻፈላትም» ብለን በገዛ እጃችን በሩን ስንዘጋባት ግን ድምፃችን አይሰማም። ከተማችን ውስጥ ኢንጂነርና አካውንታንት የሆኑ ስንት ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች አሉ! በየመስጂዱ ግቢ ከዐስር ሶላት በኋላ ባዶዋን የምትውል አንዲት ክፍልም አትጠፋም። ቅዳሜና እሁድ እስከ መግሪብ እዚያ ተቀምጦ የአሥር ልጆችን የስህተት ደብተር ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ሰፈር ከእሷ ሌላ አራት ልጆች መጥተው አምስት ሆነዋል። አንደኛው ልጅ አሁንም ክፍልፋይ ላይ ነው፤ ሌላኛዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ቀርታለች። ሁሉም ይሳካላቸዋል ብዬ አልዋሽም።

የለመንኳቸው ሁለት ወር ካለቀ ሰንብቷል። አክስቲቱ ከዱባይ መልሳ ስትደውል እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ሐጂ ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ጨርቅ እየቆረጡ «ፈተናዋን እስክትጨርስ ስለ ቪዛ አታንሺብኝ» አሏት። ልጅቷ በግል ተፈታኝነት ልትቀመጥ እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው እሁድ ትሪጎኖሜትሪ ጀምረናል፤ ደብተሯ ላይ በዚህ ሳምንት የተጻፉት ስህተቶች 11 ሲሆኑ ከእነሱ ውስጥ የክፍልፋይ የሆነ አንድም የለም፤ የምልክት ግን አሁንም አራት አሉ።