የጢባርዮስ ዲናር እንዴት ይፈተሻል?

በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ለተሳላሚ ከሚዘረጉት ዕቃዎች መካከል አንድ ትንሽ የብር ገንዘብ አይጠፋም። ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በፊቱ የድል አክሊል የደፋ ሰው ወደ ቀኝ ዞሮ ይታያል፤ በጀርባው አንዲት ሴት ዙፋን ላይ ተቀምጣለች። ሻጩም፣ ፈሪሳውያን ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ ጌታ አሳዩኝ ያለው ዲናር ይህ ነው ብሎ ይጀምራል። ወንጌሉ የቄሣሩን ስም አይጠራም። በዚያ ዘመን በሮም የነገሠው ግን ጢባርዮስ (እ.ኤ.አ. 14–37) ስለ ነበር ሰብሳቢዎች የግብሩ ዲናር የሚሉት የእርሱን ነው። ገንዘቡ የተመታው ያን ጊዜ ሉግዱኑም በምትባለው፣ በዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ በሊዮን ነበር። መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ለዓመታት ስለ ተመታ እውነተኛው ራሱ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ፈላጊው ግን ብዙ ነው፤ አስመሳዩም ያንኑ ያህል በዝቷል።

ጀማሪ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እርጅናውን ነው። ጠቆር ያለ፣ ጎርበጥ ያለ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ከሆነ ጥንታዊ መሆኑን ይቀበላል። አስመሳዩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጥቁረቱንም መደብዘዙንም በአንድ ከሰዓት ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ «ያረጀ ይመስላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ይህ ነገር በምን መንገድ ተሠራ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

የሮም ገንዘብ በመዶሻ የተመታ ነው። ቀራጩ መልኩንና ፊደሉን በሁለት የማተሚያ ብረቶች ላይ ወደ ውስጥ፣ በግልባጭ ይቀርጻል። አንደኛው በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ሁለተኛውን ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። በመካከላቸው ድቡልቡል የብር ቁራጭ ይገባና መዶሻው ያርፍበታል። በዚያች ቅጽበት ብሩ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ ሽሽቱም ምልክት ይተዋል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ከፊደሎቹ ሥር ወደ ጠርዙ የሚዘረጉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይታያሉ። ጠርዙ አንዳንድ ቦታ ይሰነጠቃል። እጅ ትንሽ ከሳተ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ከፊደሎቹም ጥቂቶቹ ከብሩ ውጭ ይቀራሉ። ልክ እንደ ዛሬ ሳንቲም ክብ የሆነ፣ ምስሉ በትክክል መሐል ላይ የተቀመጠ ዲናር ካጋጠመ ደስ ከመሰኘት በፊት ቆም ማለት ይገባል።

ብዙው የገበያ አስመሳይ ግን አልተመታም፤ ፈስሷል። እውነተኛ ገንዘብ በሸክላ፣ በጄሶ ወይም በሲሊኮን ላይ ተጭኖ ቅርጹ ይወሰድና የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ አየርም ይዞ ይቀራል። የፊደሎቹ ጠርዝ እንዳለቀ ሳሙና ለስልሶ ይዶለዱማል፤ በሜዳው ላይ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በመሬት ውስጥ የኖረ ብርም ይቦረቦራል። የአየር አረፋ ክብና ለስላሳ ነው፤ ዝገት የበላው ጉድጓድ ግን ቅርጽ የለሽ ሆኖ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ይህን ልዩነት ዓይን የሚለምደው እውነተኛነታቸው የታወቀ ብዙ ገንዘቦች ካየ በኋላ ነው።

የመጨረሻው የእምነት ክህደት ቃል ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት ስስ መስመር ዙሪያውን ይዞራል፤ አስመሳዩ ያንን ለማጥፋት ሞርዶት ከሆነም የሞረዱ ጭረት ይቀራል። ሻጭ ገንዘቡን በፕላስቲክ አሽጎ ፊትና ጀርባውን ብቻ ሲያሳይ ጠርዙን ለማየት መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ዝርዝር እያዩ ገንዘብ መቀበል ለእኛ አገር ነጋዴም አዲስ ነገር አልነበረም። ማርትሬዛ ብር በገበያ በነበረበት ዘመን ተቀባዩ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራሷን ዕንቍ ነጠብጣብ እየመረመረ፣ ያልጠራውን ይመልስ ነበር። ያ ብር ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይም ተመትቷል፤ ሁሉም የተሸከሙት ዓመት ግን 1780 ነው። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ትውልዱ ምንም አይነግርም ነበር፤ የሚናገሩት እነዚያ ነጠብጣቦች ነበሩ።

ወደ ሚዛን እንምጣ። የጢባርዮስ ዲናር ብዙ ጊዜ ከ3.6 እስከ 3.8 ግራም ይመዝናል። ቄሣር ኔሮ በ64 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የዲናርን ክብደት ወደ 3.4 ግራም ገደማ ዝቅ አድርጎታል፤ ስለዚህ የቄሣሩ ስምና ክብደቱ መስማማት አለባቸው። 2.8 ወይም 4.6 ግራም የሚመዝን የጢባርዮስ ዲናር ብርቱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክብደቱ መግጠሙ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሚዛን አስመሳዩም ቤት አለ።

ከሚዛን የሚበልጠው ሚዛንና ውኃ በአንድነት ናቸው። ገንዘቡ በቀጭን ክር ታስሮ ውኃ ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ሲመዘን ክብደቱ ይቀንሳል። የደረቅ ክብደቱ በቀነሰው መጠን ሲካፈል የብረቱ እፍጋት ይገኛል። የንጹሕ ብር 10.5 ያህል ነው፤ የመዳብ 9 አይሞላም፤ የቆርቆሮ 7.3 ነው። 3.75 ግራም የሚመዝን ጥሩ ዲናር ውኃ ውስጥ 0.36 ግራም ያህል ይቀንሳል። መዳብ ቢሆን 0.42፣ ቆርቆሮ ቢሆን ከ0.5 በላይ በቀነሰ ነበር። የግራምን መቶኛ የሚያሳይ ሚዛን ካለ ይህ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ፈተና ነው፤ ገንዘቡንም አይጎዳም። ማግኔት የሚስበው ዲናር ደግሞ እዚህ ድረስ መድረስም አያስፈልገውም።

እፍጋቱ ወደ መዳብ ቢያጋድል ግን ወዲያው መጣል አይገባም። ማስመሰል የዛሬ ሰው ፈጠራ አይደለምና። በሮም ዘመን የነበሩ አጭበርባሪዎች የመዳብ ቁራጭ በስስ ብር ጠቅልለው ይመቱ ነበር፤ ዛሬ ብሩ በተላጠበት ቦታ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆድ ይታያል። ይህ በዘመኑ ሐሰተኛ ገንዘብ ነበር፤ ለእኛ ግን እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ ነው፣ ዋጋው ዝቅ ቢልም። የሮም ሕዝብ በዚህ ተማርሮ ነበር። ገንዘብ መርማሪዎች የመረመሩትን ከረጢት ስምና ቀን በተቀረጸበት ትንሽ የአጥንት ወይም የዝሆን ጥርስ ዘንግ ያስሩት ነበር። ፈላስፋው ኤፒክቴተስም መርማሪው ዓይኑን፣ እጁን፣ አፍንጫውን፣ በመጨረሻም ጆሮውን እንደሚጠቀም፣ ዲናሩን ወርውሮ ድምፁን እንደሚያዳምጥ ያነሣል። ዛሬ መወርወሩን አልመክርም። በመሬት ውስጥ ለዘመናት የኖረ ብር ውስጡ ይሰባበራል፤ እውነተኛው ራሱ ዱዳ ሊሆን ወይም ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

እስካሁን ያልነው የፈሰሰውን ይይዛል። የሚያስቸግረው የተመታው አስመሳይ ነው። ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር (1772–1830) የማተሚያ ብረቶቹን በገዛ እጁ ቀርጾ እንደ ሮማውያኑ ይመታ ነበር። አንዳንዴም ርካሽ የሆነ እውነተኛ ጥንታዊ ገንዘብ ወስዶ በላዩ ላይ ውዱን ይመታል፤ ብረቱ እንግዲህ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። አዲስነታቸውን ለማጥፋት የብረት ብናኝና ቅባት ባለበት ሣጥን አድርጎ በሠረገላው ሥር እያንጠለጠለ ይዟቸው ይዞር እንደ ነበር ይነገራል። ቤከርን ያጋለጠው ሚዛን ሳይሆን የእጅ ጽሑፉ ነው። ፊደል አጣጣሉ፣ የዓይን ቆቡ፣ የፀጉሩ ሐረግ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓዊ እጅ ነው። ከእርሱ በፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፓዶቫው ጆቫኒ ዳ ካቪኖም ትልልቅ የነሐስ ገንዘቦችን አስመስሎ ሲሠራ ያስታወቀው ይኸው ነው፤ ሥራው ከሮማውያኑ በላይ ያምራል።

የዘመናችን አስመሳይ መቅረጹን ትቶታል። ማተሚያውን ከአንድ እውነተኛ ገንዘብ ላይ ቀድቶ ይሠራዋል፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፉ የሮም ነው። ነገር ግን ያ እናት ገንዘብ የራሱ ጭረት፣ የራሱ ስንጥቅ፣ የራሱ ማጋደል ነበረው፤ ልጆቹም ሁሉ ያንኑ ወርሰው ይወለዳሉ። በእጅ የተመቱ ሁለት ጥንታዊ ገንዘቦች ከአንድ ማተሚያ ሊወጡ ይችላሉ፤ ጭረታቸውም መበላታቸውም በአንድ ቦታ ሊሆን ግን አይችልም። እኔ ለጀማሪ አንድ ፈተና ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሊገዙት ያሰቡትን ገንዘብ ፎቶ በጨረታ መዝገቦችና በታወቁ የአስመሳይ ዝርዝሮች ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያዩ፤ መንትያ ካገኙ ቢያንስ አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ሐሰተኞች ናቸው።

ስለ ዝገት ባጭሩ። በነሐስ ላይ ያለ እውነተኛ አረንጓዴ ልባስ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ጠንካራ ነገር ነው። ቀለም ወይም ሙጫ ከሆነ በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ይዞት ይመጣል። መቧጨር፣ መፈግፈግ፣ በሎሚ ማጠብ ግን ማስረጃውንም ዋጋውንም ያጠፋል።

ቤተ ሙከራም ቢሆን ሁልጊዜ አይቆርጥም። እ.ኤ.አ. በ1713 በትራንሲልቫኒያ ተገኙ የተባሉ ጥቂት የወርቅ ገንዘቦች ስፖንሲያን የሚባል፣ ታሪክ የማያውቀውን ንጉሠ ነገሥት ስም ይዘዋል። ለብዙ ዘመን እንደ ሐሰተኛ ተቆጥረው ኖሩ። በ2022 ግን በግላስጎው ሀንተሪያን ሙዚየም ያለውን በማይክሮስኮፕ ያዩ ተመራማሪዎች፣ ወርቁን የፋቁት ጭረቶችና በላዩ የጠነከረው አፈር እውነተኛነቱን ያሳያሉ አሉ። ሌሎች የገንዘብ ታሪክ ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም፤ ገንዘቡ ፈስሶ እንጂ ተመትቶ አልተሠራም፣ ጽሑፉም የተምታታ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔ ወደ ተጠራጣሪዎቹ አደላለሁ። አፈር ገንዘቡ መቀበሩን ይመሰክር ይሆናል፤ ማን እንደ ሠራው ግን አይናገርም።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚመጣው ገንዘቡ ከየት መሬት እንደ ወጣ የሚያውቅ ሲጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤርትራ መጠራ በፍራንሲስ አንፍሬ የተመራው ቁፋሮ ከወርቅ መስቀሎችና ሰንሰለቶች ጋር 14 የሮም የወርቅ ገንዘቦች አውጥቷል። እነዚያን ማንም አጉሊ መነጽር ይዞ በጥርጣሬ አልከበባቸውም፤ የተገኙበት ዕቃና ስፍራ ተመዝግቧል። የገበያው ገንዘብ ግን መሬቱን ትቶ የሚመጣ ነው። ያለው ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ የማን ስብስብ ውስጥ ነበር፣ መቼ ተሸጠ፣ በሕግ ወጥቷል ወይ። እስራኤል ውስጥ ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጠው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው፤ ከአገር ለማውጣትም የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደህና ነጋዴ ለእውነተኛነቱ የጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል፤ በቃል ብቻ የሚምልን መተው ነው።

ወረቀቱም ራሱ መፈተሽ አለበት። ብሩተስ የዩልዮስ ቄሣርን መገደል ለማስታወስ በ42 ዓመተ ዓለም ካስመታቸው፣ ሁለት ጩቤዎች ከሚታዩባቸው እጅግ ብርቅ የወርቅ ገንዘቦች አንዱ በ2020 ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ ወደ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወርቁ፣ ክብደቱ፣ አመታቱ እንከን አልነበረባቸውም። ከማን እጅ እንደ መጣ የተጻፈው ታሪክ ግን ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በ2023 የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ገንዘቡን ለግሪክ መንግሥት አስረከበ።