ፖሊሹ ይቆይህ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ የትኛውን ፖሊሽ ልግዛ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ለጊዜው ምንም አትግዛ። ሻጩ ያቺን የገዛሃትን ሰማያዊ ቪትዝ ለገበያ ሲያወጣት ሰም ቀብቶ ወልውሏታል፤ አሁን የሚያብረቀርቅልህ ሰሙ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ሰም ጭረቱን ይሞላል፣ የደበዘዘውን ያደምቃል፣ ክረምቱ ሲያገኘው ደግሞ የደበቀውን ሁሉ መልሶ ያወጣዋል። ፖሊሽ ሌላ ሥራ ነው፤ ቀለሙን በትንሹ መፋቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ የተቀባውን ሁሉ አውልቀህ ራቁቱን ቀለም እየው። ካየኸው በኋላ ፖሊሽ የማያስፈልገው ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። እኔ ቀለም ቤት በኖርኩበት ዘመን ይህን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ደንበኛው ግን ማሽን ካልጮኸ ሥራ የተሠራለት አይመስለውም።

1. መጀመሪያ ያለህን እወቅ። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ መኪና ላይ ከቆርቆሮው በላይ ያለው ሁሉ፣ ማለትም የዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሙና ከላይ ያለው ክሊር ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስትሰማ፣ የምትፈቀው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባሃል። ኮምፓውንድ የሚባለው ጠንካራ ፖሊሽ በማሽን በተመላለሰ ቁጥር ከዚያች ላይ ጥቂት ማይክሮን ይዞ ይሄዳል፤ የሄደውን ደግሞ የሚመልስ ጠርሙስ የለም።

ክሊሩ የተቀባው ለማብረቅረቅ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚከላከል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም አልትራቫዮሌቱ ብርቱ ነው። ኮፈናቸውና ጣሪያቸው ተልጦ ነጭ ቅርፊት ያወጡ መኪኖችን በየመንገዱ ታያለህ። ወደዚያ የደረሰውን እንደገና መቀባት እንጂ መወልወል አያድነውም። «በፖሊሽ አስተካክልልሃለሁ» የሚልህ ካለ ገንዘብህን ፈልጎ ነው።

2. ፀሐይ ላይ አትሥራ። ኮፈኑን በእጅህ ጀርባ ንካው፤ የሚሞቅ ከሆነ ጠብቅ። ሳሙናውም ሌላውም ኬሚካል ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ወዲያው ይደርቅና ምልክት ይተዋል። ጠዋት በማለዳ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ከግንብ ጥላ ሥር ሁን። ከዛፍ ሥር አትሁን ያልኩት ሙጫውና ወፉ ሥራህን ስለሚያበላሹብህ ነው።

3. እጥበቱን አትናቀው። ሊስትሮ ጫማህን ሲቀበልህ ቀለም ለመቀባት አይቸኩልም፤ ጭቃውን በብሩሽ ያራግፋል፣ በሳሙና ውኃ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቆርቆሮውን የሚከፍተው። መኪናም ከዚህ የተለየ ነገር አትፈልግም። የአዲስ አበባ አቧራ ድንጋይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርገው የብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይሠራል። በፀሐይ ስታየው ክብ ክብ እየሠራ የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከአያያዝ ነው፤ ቆመህ ስትጠብቅ ልጆቹ መጥተው በደረቅ ጨርቅ ከሚጠርጉት፣ ላቫጆ ውስጥም አንድ ስፖንጅ ከጎማ ወደ ኮፈን ከሚዘዋወረው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ምንም ሳትነካ ብዙ ውኃ አፍስስባት። ሁለት ባልዲ ያዝ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የማለቅለቂያ ንጹሕ ውኃ። ከጣሪያው ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፤ የመጨረሻው ፓራውልትና የበሮቹ የታችኛው ክፍል ይሁን። ቸርኬውን ለብቻው፣ በሌላ ጨርቅ። ስፖንጅ አሸዋውን አቅፎ ስለሚይዝ ወፍራም ማይክሮፋይበር ይሻላል።

በዚህ ቀን ብቻ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጨምርበት፤ ቅባቱን ለማንሣት ያግዝሃል፣ ሰሙንም ያዳክመዋል። ላርጎ የየሳምንቱ ሳሙናህ ከሆነ ግን ሰም የምትቀባው ለማጠብ ነው ማለት ነው። ኦሞ ግን ይቅር። በደንብ ሳይሟሟ የቀረው ፍሬ ይጭራል፣ ኃይሉም ለጎማና ለፕላስቲክ ክፍሎች ይከብዳል። ፍል ውኃ ደፍቼ ሰሙን ላቅልጠው እንዳትልም። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣው ካርናውባ የሚባለው ሰም ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ወደዚያ ሙቀት ለመድረስ ስትሞክር የምታስጨንቀው ቀለሙን ነው።

4. ውኃውን ጠይቀው፣ ግን አንዴ በሰጠህ መልስ አትርካ። ሰም ያለበት ላይ ውኃ ክብ ጠብታ እየሆነ ይንከባለላል። በሌለበት ላይ ተነጣጥፎ ይፈሳል። ከታጠበ በኋላ ውኃው መንጣጠፍ ሲጀምር ብዙ ሰው «ሰሙ ሄደ» ይላል። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ የሳሙናው ቅሪት ራሱ ለጊዜው ጠብታውን ያጠፋዋል። ደህና አድርገህ በንጹሕ ውኃ አለቅልቅና እንደገና እርጭበት። ጠብታው ከተመለሰ ሰሙም አለ። «ሲላንት» የሚባሉት ፋብሪካ ሠራሽ መከላከያዎች ደግሞ ለሳሙና ብቻ በቀላሉ እጅ አይሰጡም፤ እነሱን የሚያዳክማቸው ከታች በ7ኛውና በ8ኛው የምነግርህ ሥራ ነው።

5. ሬንጅና የወፍ ኩስ። አዲስ አስፋልት ላይ ከነዳህ በበሮቹ የታችኛው ክፍልና በፓራፋንጎው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛለህ። ነጭ ጋዝ፣ ላምባ የምንለውን፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገህ ነጠብጣቡ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳርፈው፤ ሲሟሟ ያለ ግፊት አንሣው። ላምባ ራሱ ቅባት ስለሆነ ቦታውን መልሰህ በሳሙና እጠበው። ቲነር ግን አደራ! የፋብሪካ ቀለም ለአፍታ ይቋቋመው ይሆናል፤ ጋራዥ ውስጥ ያለ ሃርድነር የተቀባ ቀለም ግን ቲነር ሲነካው ይሟሟል፣ ጨርቅህም ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛ እጅ በገዛኸው መኪና የትኛው በር ጋራዥ እንደገባ በምን ታውቃለህ? የወፍ ኩስ የደረቀ ከሆነ አትፈቅፍቀው፤ እርጥብ ጨርቅ ጫንበትና እስኪለሰልስ ተወው።

6. የብረት ብናኝ። የፍሬን ሸራና ዲስክ ሲፋተጉ የሚወጣው ብናኝ፣ ወይም በያጅ ቤት አጠገብ ስትቆም የመፍጫው ብልጭታ፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። በነጭ መኪና ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በሰማያዊ ላይ በእጅ እንጂ በዓይን አታገኘውም። ለዚህ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ፤ ብረት ሲያገኝ ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ጓንት አድርግ፣ እንዳይደርቅ ተጠንቀቅ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውኃ እጠበው። ካላገኘኸው ወይም ዋጋው ካስፈራህ እለፈው፤ ቀጣዩ አብዛኛውን ያነሣልሃል።

7. ፌስታል አምጣ። ስስ ፌስታል እጅህ ላይ አጥልቀህ በታጠበው ኮፈን ላይ ቀስ ብለህ አንሸራትት። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለህ ቦታ በፌስታሉ ውስጥ ሲሻክርህ ትገረማለህ። የሚሻክረው ሳሙና ያላነሣው፣ ቀለሙ ላይ የተተከለ ቆሻሻ ነው። ይህ ሳይነሣ ማሽን ካስነሣህ ፖሊሹ ያንን ሁሉ እየጎተተ ያዞረዋል።

መድኃኒቱ ከጃፓን የመጣው «ክሌይ» ነው፤ በእጅ እየታሸ የሚለሰልስ፣ ቆሻሻውን ከላይ እየቆረጠ የሚያነሣ። ግማሹን ብቻ ቆርጠህ ውሰድ፤ ቢወድቅብህ ሌላው ይተርፍሃል። መሬት የነካ ክሌይ አይታጠብም፣ ይጣላል። ቦታውን በሳሙና ውኃ በደንብ አርጥበህ፣ ያለ ግፊት፣ በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ አንሸራትት። በክብ አትሂድ፤ ጭረት ብታወጣ እንኳ ቀጥታው ከክቡ ይልቅ ለዓይን ይሰወራል። መጀመሪያ ይይዝሃል፣ ድምፅም ይሰጣል። ድምፁ ሲጠፋና እጅህ ሲንሸራተት ያ ቦታ አለቀ። ክሌዩ ሲጠቁር እጠፈውና ንጹሑን ገጽ አውጣ። ጥቂት ሰሙንም ይዞ ይነሣል። ቀለሙን በመጠኑ ያደበዝዘዋልና በየወሩ የምትሠራው ሥራ እንዳታደርገው፤ ፖሊሽ ባሰብክበት ጊዜ ብቻ።

8. በመጨረሻ አልኮል። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይበቃሃል፤ ግን እንዳለ አይደለም። አንድ እጅ አልኮል ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው፤ ከ17 እስከ 23 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚያ ሲበረታ ቶሎ ስለሚተን ለማጽዳት ጊዜ አይሰጥህም፣ ቀለሙንም ሊያለሰልስ ይችላል። ትንሽ ቦታ ላይ ርጨው፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር አንሣው፣ ጨርቁን ገልብጥና ድገመው። ገና ወር ያልሞላው ቀለም ላይ አትጠቀምበት። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛህንም ለዚያች ሰዓት ራቅ በል በለው።

9. አሁን እያት። የመጣነው እዚህ ለመድረስ ነበር። የስልክህን መብራት አብርተህ ከቀለሙ ጋር አዘንብለህ ያዘው፤ በጥላ ያልታየህ ሁሉ ይወጣል። ሦስት ነገር ለይ። ላዩ ላይ ያለ የሸረሪት ድር ጭረት በፖሊሽ ይሄዳል። ጥፍርህን ስታሳልፍበት የሚይዝህ ጭረት አይሄድም፤ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ክሊር ሁሉ ዝቅ ማድረግ ይኖርብሃል፣ ተወው። ሦስተኛው ከሥሩ የሆነ ነገር ነው፤ ባትላሜ የሠራው በር፣ ስቱኮ የተሞላ ፓራፋንጎ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቆርቆሮው ላይ አንሸራትት፤ መያዙ ድንገት ከላላ ከሥር ስቱኮ አለ። ውፍረት መለኪያ ካገኘህ ደግሞ ከ300 ማይክሮን በላይ የሚያሳይህ ቦታ ሁለተኛ እጅ ሥራ ነው ብለህ አስብ። እዚያ ላይ በማሽኑ ለስላሳ ፓድ እንጂ በሌላ አትነካካው።

የአባትህ ነጭ ዲኤክስ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ በወጣበት ዘመን ከተሠሩት ነጭ ቶዮታዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ የቀለም ቁጥራቸው 040 የሆነው፣ ክሊር የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ገጽ ነው። ስታጸዳው ጨርቅህ ቢነጣ አትደንግጥ፣ በፀሐይ የሞተው ቀለም ነው የሚወጣው። በአንተ ቪትዝ ላይ ፓድህ ሰማያዊ ከሆነ ግን ፋብሪካ በቀባው ቦታ ክሊሩን አልፈሃልና በዚያው ቅጽበት ማሽኑን አጥፋ።

አይተህ ስትጨርስ ቀለሙ በመጠኑ ብቻ የተጫረ ከሆነ ፖሊሹን ተወው፤ በንጹሑ ቀለም ላይ ጥሩ ሰም ቀባና ንዳት። ወደ ቀለም ቤት የምትሄድ ከሆነች ደግሞ እስካሁን የሠራኸው አልባከነም፤ ሰምና ለጎማ የሚቀባው የሲሊከን ቅባት የቀረበት ቆርቆሮ አዲሱን ቀለም አይቀበልም፣ ገጹ ትናንሽ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። ቀቢው ሲያማርር የምትሰማው በዚህ ነው።

10. ፖሊሽ የግድ ከሆነ ማስኪንግ ቴፕ ግዛ። የበሮቹን ጠርዝ፣ የኮፈኑን ሹል መስመር፣ የመስታወት ጎማውን፣ ጥቁሩን ፕላስቲክና ምልክቱን ሸፍን። ቀለም ሲቀባ ከጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ እዚያ ከሁሉ ይበልጥ ስስ ነው፤ በማሽን የተገለጠ መኪና ያየሁት አብዛኛው በጠርዙ ነው። ፖሊሽ የነካው ጥቁር ፕላስቲክም ነጭ ሆኖ ይደርቅና ለማጽዳት ከቀለሙ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብሃል። ከዚያ በኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር ካሬ ያህል ቦታ በቴፕ አጥርና ከሁሉ የለዘበውን ፖሊሽ በለስላሳ ፓድ ሞክር። በአልኮሉ ጠርገህ በስልኩ መብራት እየው፤ የፖሊሹ ዘይትም እንደ ሰም ይደብቃልና ሳትጠርግ አትፍረድ። ካልበቃህ ብቻ አንድ ደረጃ ጠንከር ያለውን ፈልግ። የምትገዛውን ፖሊሽ ስም ያኔ ደውልና ጠይቀኝ።