ለቤት የሚሆን የፎቶግራፍ ማተሚያ አመራረጥ

በልደታ፥ በፍርድ ቤቱ ዙሪያ፥ ማመልከቻ የሚጽፉና ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ሱቆች ይገኛሉ። ባለጉዳዩ ጉርድ ፎቶግራፍ ሲጎድለው የሚጠይቀው ከነዚሁ ነው። በዚያው ሰፈር በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ቤተሰብ ደግሞ የልጆቹን የክርስትናና የምረቃ ሥዕል በስልክ አንሥቶ ሳያሳትመው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ማተሚያ ገዝቶ ለቤቱም ለገበያም ለማዋል የሚያስብ ሰው አይታጣም። ነገር ግን ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የቀለሙና የወረቀቱ ወጪ እንደሚያይል አስቀድሞ ያልተረዳ ገዢ፥ ማሽኑ በእጁ ሳለ ሥራው ይቆምበታል።

በቅድሚያ መተው የሚገባው ለጽሕፈት የሚውለው የሌዘር ማተሚያ ነው። ቶነሩን በሙቀት አቅልጦ የሚያጣብቅ ስለ ሆነ የፊትን ጥላና ብርሃን አያለሰልስም፤ ለፈሳሽ ቀለም የተሠራ አብለጭላጭ ወረቀት የገባበት እንደ ሆነም ሽፋኑ ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል።

የሚቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው፥ እንደ ካኖን ሴልፊ ያለው፥ ቀለሙን ከሪባን በሙቀት አትንኖ ወደ ወረቀቱ የሚያሰርፅ ነው። ቢጫው፥ ማጀንታውና ሲያኑ በየተራ ካረፉ በኋላ መከላከያ ሽፋን ይደረብባቸዋል፤ ሥዕሉም ደርቆ ይወጣል። ሪባኑና ወረቀቱ በቍጥር አብረው ስለሚሸጡ፥ የ108 ሥዕል እሽግ ዋጋ ለ108 ሲካፈል የአንዱ ወጪ ይታወቃል። ለወራት ሳይነካ ቢቀመጥም የሚደርቅ ቀለም የለውም። ጉድለቱ ከፖስታ ካርድ የሚበልጥ ሥዕል አለማተሙ ነው።

ሁለተኛው ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ነው። ከዚህ ወገን ብዙ ለሚያትም ሰው ከካርትሪጁ ይልቅ በጠርሙስ የሚሞላው ባለታንኩ ይበጃል። ከኤፕሰን የኤል ተርታ መካከል 6 ቀለም ካላቸው አንዳንዶቹ፥ ቀላል ሲያንና ቀላል ማጀንታ ስለሚጨምሩ፥ የቆዳን መልክ ከባለ 4ቱ አሳምረው ያወጣሉ። ኤ4 ገጽም ያትማሉ። ሆኖም ሥራ የፈታ ማሽን የበጋው ደረቅ አየር ረጪውን ራስ ይደፍንበታል። መብራት በድንገት ሲጠፋም ራሱ ወደ መክደኛው ሳይመለስ ክፍቱን ይቀራል። ራሱን ለማጽዳት የሚወጣው ቀለም ደግሞ የባከነ ገንዘብ ነው። በሳምንት አንድ የቀለም ገጽ ማተም፥ ማሽኑን ከሶኬቱ ሳይሆን በራሱ ቍልፍ ማጥፋት፥ ቢቻልም በትንሽ ዩፒኤስ ማሠራት ይገባል። ሌዘር ግን በትንሽ ዩፒኤስ አይሰካም፤ ማሞቂያው ብዙ ኃይል ይስባልና።

ደንበኛው የሚያመጣው ሥዕል ራሱ ደካማ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ሥዕል 1200 በ1800 ነጥብ ይበቃል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ግን ተጨምቆ ይደርሳል፤ በትንሹ ወረቀት ባያስነውርም በኤ4 ይደበዝዛል። እንደ ፋይል እንዲላክ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

ቀለሙም ወረቀቱም ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ፥ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአምናን ሒሳብ ይዞ ዋጋ መቍረጥ ያከስራል። በ10 በ15 ወረቀት ላይ ለመቍረጫ ቦታ ተትቶ 3 በ4 የሆኑ 8 ጉርዶች ይገባሉ፤ የወረቀቱና የቀለሙ ወጪ ለ8 ተካፍሎ የተበላሸው ይታከልበታል። ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል የራሱን ሥዕል ይዞ ሄዶ በሱቁ ያሳትም፤ የመሙያው ቀለም በዚያው ቀን በመደርደሪያው ላይ መኖሩንም በዓይኑ ይይ።