ራስ ምታታችሁን በስልካችሁ መዝግቡት

ዛሬ አንድ ከታካሚዬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

"ዶክተር፣ ራሴን ያመኛል" አለችኝ።
"በወር ስንት ቀን ያምዎታል?"
"እንጃ... አልፎ አልፎ።"
"ማስታገሻስ?"
"ሲብስብኝ ብቻ።"

እኔም ማስታገሻ ጽፌ ሸኘኋት። ከ2 ወር በኋላ ብሶባት ተመለሰች። ያን ጊዜ ስልኳ ላይ ጎግል ሺትስ ከፍተን ለአንድ ወር በየቀኑ እንድትመዘግብ ተስማማን። ስትመለስ ግራፉን አብረን አየነው፦ 19 ቀን ራሷን አሟታል፣ 17 ቀን ማስታገሻ ውጣለች። ወደኋላ ስንቆጥር ደግሞ እንዲህ መዋጥ ከጀመረች ግማሽ ዓመት አልፏታል።

አልዋሸችኝም። ማናችንም ብንሆን የምናስታውሰው የባሰውን ቀንና የትናንቱን ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ማስታገሻው ራሱ! ራስ ምታት የሚያጠቃው ሰው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከወሰደ መድኃኒቱ መልሶ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ትራማዶልና ኮዴይን ከሆነ 10 ቀንም ይበቃል።

እንዴት ልመዝግብ?

አምስት አምድ ይበቃችኋል፦
1. ቀን
2. የህመሙ መጠን ከ0 እስከ 10 (ያላመማችሁን ቀን 0 ብላችሁ ጻፉ፣ አትዝለሉት)
3. ስንት ሰዓት ቆየ
4. የወሰዳችሁት መድኃኒት
5. የዕለቱ ሁኔታ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ጾም፣ ቡና መቅረት፣ የወር አበባ

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አምዶች መርጣችሁ ቻርት አስገቡ። መድኃኒት የወሰዳችሁባቸውን ቀናት ብቻ በፊልተር ለይታችሁ ቁጠሩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቡና በቀረ ቀን አንዴ ስላመማችሁ "ምክንያቱ ቡና ነው" አትበሉ። ሲደጋገም ካያችሁ ግን ለሐኪማችሁ አሳዩ። ሊንኩንም ለእሱ ብቻ እንጂ ለሁሉም ክፍት አታድርጉት።

መመዝገብ የማያስፈልገው ጊዜም አለ። በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ፣ ወይም በእርግዝና ወቅት ከዓይን ብዥታ ጋር ከሆነ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ታካሚዬ ማስታገሻውን በክትትል አቆመች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከብደዋት ነበር። በሦስተኛው ወር ግን የታመመችው 6 ቀን ብቻ ነው። እናንተ ግን በተለይ ትራማዶልና ኮዴይን ለብዙ ጊዜ ከወሰዳችሁ ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቁሙ።

እኔም ከዚያ ወዲህ "አልፎ አልፎ" ሲሉኝ "ስልክዎን ያውጡ እስቲ" እላለሁ።

ቤት ውስጥ ማስታገሻ የሚያዘወትር ሰው ካለ ሼር አድርጉለት።