«የዳዊት ግንብ» እና ከሰገነቱ ላይ የምትታየው ኢየሩሳሌም

በያፎ በር ወደ አሮጌዋ ኢየሩሳሌም የሚገባ ተሳላሚ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ በስተቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ ምሽግ ያያል። ስሙ «የዳዊት ግንብ» ነው። መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ የሚደግም ክርስቲያን ይህን ስም ሲሰማ ልቡ ሳይነካ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ሰገነቱ ከመውጣት አስቀድሞ ስፍራው የማን እንደ ነበረ መረዳት ይገባል።

ግንቡ የንጉሥ ዳዊት አይደለም። የዳዊት ከተማ ከዚህ ራቅ ብላ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከቤተ መቅደሱ ተራራ በታች፣ በግዮን ምንጭ አጠገብ ባለችው ጠባብ ኮረብታ ላይ ነበረች። በዚህኛው ኮረብታ ላይ የሚታየውን ታላቅ መሠረት የጣለው ከዳዊት በኋላ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ የነገሠው ሄሮድስ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ እንደ መሰከረው፣ ሄሮድስ በዚህ ሦስት ግንቦች አቁሞ አንዱን በወንድሙ በፋሳኤል፣ ሁለተኛውን በወዳጁ በሂጲቆስ፣ ሦስተኛውን ራሱ ባስገደላት በሚስቱ በማርያምኔ ስም ጠራቸው። የፋሳኤል ግንብ መሠረት ወርዱም ቁመቱም 40 ክንድ የሆነ፣ ውስጡ ድፍን ድንጋይ ነበረ። በ70 ዓ.ም. ሮማዊው ቲቶ ከተማዪቱን ሲያፈርስ እነዚህን ግንቦች ግን አስቀራቸው፤ ምን ያህል ጽኑ ከተማ እንደ ያዘ ለትውልድ እንዲታይ ፈልጎ ነበርና። በኋላ በባይዛንታይን ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች ይህን ምዕራባዊ ኮረብታ የዳዊት ጽዮን ነው ብለው ስላሰቡ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

እንግዲህ የመዝሙረኛው ስም ያረፈው ሕፃናትን ባስፈጀው ንጉሥ ድንጋይ ላይ ነው። የሄሮድስ ቤተ መንግሥትም ከግንቦቹ ቀጥሎ በስተደቡብ ነበረ። ሰብአ ሰገል የተወለደው ንጉሥ ወዴት ነው ብለው ወደ ኢየሩሳሌም በመጡ ጊዜ የደነገጠው ንጉሥ በዚህ ይኖር ነበር። ብዙ ሊቃውንትም ጲላጦስ ለበዓል ሲመጣ ያርፍ የነበረው፣ ጌታም የተፈረደበት፣ በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው ይላሉ። የሕማማት ጉዞ ግን በቆየው ልማድ ከምሥራቅ፣ ከአንቶንያ ምሽግ ስፍራ ይጀምራል፤ የሊቃውንቱ ክርክር ያንን የዘመናት ጸሎት አያስቀረውም።

ከታች ሆኖ ግድግዳውን የሚመለከት ሰው ታሪኩን በዓይኑ ያነባል። ግርጌው ላይ የተደረደሩት ግዙፍ ጥርብ ድንጋዮች የሄሮድስ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ታናናሾች ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ናቸው። በ1099 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የመስቀል ጦረኞች ከተማዪቱን ሲወስዱ፣ የግብፅ ጦር እጁን የሰጠው በዚህ ምሽግ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈርሶ፣ በ1310 ማምሉኮች መልሰው ሠሩት፤ ኦቶማኖችም ጨመሩበት። ከሩቅ የሚታየው ቀጭን ምሰሶ መሰል ግንብ ብዙዎች የዳዊት የሚሉት ነው፤ ነገር ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆመ የመስጊድ ሚናራ ነው። ምሽጉ ከ1989 ጀምሮ ቤተ መዘክር ስለ ሆነ መግቢያው በክፍያ ነው።

ወደ ሰገነቱ የሚያወጡት ደረጃዎች ለአረጋውያን ይከብዳሉና በዝግታ መውጣት ያሻል። ከሰዓት በኋላ መውጣት ይመረጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ከደብረ ዘይት በኩል ዓይን ትወጋለች፣ ወደ ማታ ግን ከኋላ ሆና ጉልላቶቹን ታበራለች።

ከላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚመለከት ተሳላሚ የትንሣኤውን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጉልላቶች ያያል። ትልቁ ከጌታ መቃብር በላይ ያለው ነው። ከእነርሱ በስተጀርባ፣ በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ፣ የኢትዮጵያውያን መነኰሳት የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን አለ፤ ጎጆዎቹን ከዚህ ርቀት መለየት ቢያስቸግርም።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄም እዚህ መልስ ያገኛል። ወንጌል ጌታ ከከተማ ውጭ እንደ ተሰቀለ ይናገራል፤ ጎልጎታ ግን ዛሬ በቅጥር ውስጥ ናት። የጥንቱ ቅጥር ከእነዚህ ግንቦች ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ይሄድ ነበር፤ ጎልጎታ ከእርሱ በስተሰሜን፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት በነበረ ስፍራ፣ ውጭ ቀርታ ነበር። ከስቅለቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሄሮድስ አግሪጳ ሌላ ቅጥር ሲያስጀምር ወደ ውስጥ ገባች። ለዚህ ምስክሩ ከጌታ መቃብር በስተምዕራብ፣ በሶርያውያን ጸሎት ቤት ውስጥ፣ እስከ ዛሬ የሚታዩት ከዓለት የተፈለፈሉ ሌሎች የአይሁድ መቃብሮች ናቸው፤ አይሁድ በቅጥር ውስጥ አይቀብሩም ነበርና።

ከምሽጉ የወጣ ተሳላሚ በገበያው ቍልቍል ወርዶ፣ በክርስቲያኖች ሰፈር መንገድ ወደ ግራ ከታጠፈ፣ በጥቂት ደቂቃ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ይደርሳል። መቃብሮቹን ለማየት የሚሻ ጧፍ ይያዝ፤ ስፍራው ጨለማ ነው።